«ጨረስሁት» ስለ ማለት

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ተደርጎ ነበር። ልጄ ሥራ ላይ ስለ ነበረች በርሷ ፈንታ ስለ ልጅ ልጄ የተገኘሁት እኔ ነኝ። ንግግሩ ሁሉ የተማሪዎቹ ውጤት ስለ ማሽቆልቆሉ ነበር፤ ጥፋተኛውም ሲፈለግ ቈይቶ በመጨረሻ ነገሩ በስልክና በቪዲዮ ጨዋታ ላይ ወደቀ። በዚህ ጊዜ እጄን አውጥቼ ተነሣሁ። 38 ዓመት ያስተማረ ሰው ንግግር አያጣምና፥ ጨዋታ የሚባለው ነገር ሁሉ የአእምሮ ምስጥ መሆኑን፥ ልጅ ከርሱ አንዳች ቁም ነገር እንደማያገኝ፥ መድኃኒቱም ስልኩን ነጥቆ በሣጥን መቈለፍ ብቻ መሆኑን አስረዳሁ። ተጨበጨበልኝም። ስንወጣ አንዲት እናት «እግዚአብሔር ይስጥልን፥ የልባችንን ተናገሩልን» አሉኝ፤ እኔም ደስ እያለኝ ሄድሁ።

ጀሞ አንድ ከታክሲ ወርደን ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስንራመድ፥ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ የመጣው የልጅ ልጄ፥ «አባባ፥ ለመሆኑ እርስዎ አንድ ጌም ጨርሰው ያውቃሉ?» አለኝ።

አላውቅም። እውነቱ ይህ ነው። መጨረስስ ይቅርና ጀምሬም አላውቅ።

አንባቢዬ ሆይ፥ ይህ ጥያቄ ለምን እንደ ወጋኝ እንድትረዳልኝ አንድ ነገር ልንገርህ። በመምህርነቴ ዘመን በየመንፈቁ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ መጽሐፍ አንብቦ አንድ ገጽ እንዲጽፍ አደርግ ነበር። ሕጉም ሁለት ነበረ፤ መጀመሪያ፥ እስከ መጨረሻው ያላነበበ እንዳይጽፍ፤ ሁለተኛም፥ የመጽሐፉን ታሪክ ሳይሆን መጽሐፉ በርሱ ላይ ያደረገውን ነገር እንዲጽፍ። ሽፋኑን ብቻ አይተው «ይህ መጽሐፍ መጥፎ ነው» ብለው ለጻፉልኝ ልጆች ያለ ርኅራኄ ዜሮ እሰጣቸው ነበር። እንግዲህ በራሴ ሕግ ዜሮ የሚገባኝ፥ ያውም በአደባባይ ተጨብጭቦልኝ ዜሮ የሚገባኝ፥ እኔ ሆንሁ ማለት ነው።

ክረምቱ ሲገባና ትምህርት ሲዘጋ፥ «በል እንግዲህ አንዱን ምረጥልኝና እስከ ፍጻሜው እንሂድ» አልሁት። እርሱም መርጦ የሰጠኝ ንባብ የበዛበትን ነው፤ «የዚህ እንግሊዝኛው ይከብደኛል፤ እርስዎ ያነቡልኛል» አለኝ። የሚስዮን ተማሪ በመሆኔ እንግሊዝኛው ብዙ አያስቸግረኝም። (በአዳሪነት በተማርሁበት ቦታ ካርታ መጫወት የሚያስቀጣ፥ ዳማ ግን የተፈቀደ ነበር፤ የሁለቱ ልዩነት ምን እንደ ሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም።) የጨዋታው ስም «ፔፐርስ፥ ፕሊዝ» ይባላል፤ «እባክዎ፥ ወረቀትዎን» ማለት ነው። የሠራው ሉካስ ፖፕ የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን፥ በ2013 እ.ኤ.አ. አወጣው፤ በእጅ ስልክ መጫወት የተቻለው ግን በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ሰውየው በየአገሩ ሲጓዝ በአውሮፕላን ጣቢያ የፓስፖርት መርማሪዎችን ሥራ እያየ አሳቡ እንደ መጣለት ተናግሯል።

አገሩ አርስቶትስካ የምትባል፥ በካርታ ላይ የሌለች አገር ናት፤ ዘመኑም 1982 እ.ኤ.አ. ነው። ተጫዋቹ በዕጣ ሥራ የደረሰው የድንበር መርማሪ ይሆናል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠህ መስኮቱን ትከፍታለህ፤ ሰው ይመጣል፤ ፓስፖርቱን ትቀበላለህ፤ ስሙን፥ መልኩን፥ ቀኑን፥ የተሰጠበትን ከተማ ታመሳክራለህ፤ ከዚያም ወይ አረንጓዴውን ወይ ቀዩን ማኅተም ትመታለህ። ይኸው ነው። ሌላ ጀግንነት የለውም፤ ሰይፍ የለም፥ መዝለል የለም። በየማለዳው ግን አዲስ ደንብ ይመጣል፤ ትናንት በፓስፖርት ብቻ ያልፍ የነበረው ሰው ዛሬ የመግቢያ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ነገ ደግሞ የሥራ ፈቃድ፤ ከነገ ወዲያ ሌላ። በትክክል ለመረመርኸው ለእያንዳንዱ ሰው 5 ብር ያህል ይከፈልሃል፤ ስትሳሳት ደግሞ ከጎንህ ካለው መሣሪያ አንዲት ወረቀት እየተንጫጫች ትወጣለች፤ በቀን ሁለቱ ማስጠንቀቂያ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ከደመወዝህ ይቈረጣሉ። ማታ ቤትህ ስትገባ ሚስትህ፥ ልጅህ፥ አማትህና አጎትህ ይጠብቁሃል፤ የቤት ኪራይ፥ ምግብ፥ ማሞቂያ፥ መድኃኒት ክፈል ትባላለህ። ገንዘቡ ለሁሉ አይበቃም። ወይ ይራባሉ፥ ወይ ይበርዳቸዋል።

አንባቢዬ፥ የወረዳ መስኮት ፊት ቆሞ «ነገ ይምጡ» የተባለ ሰው ይህን ጨዋታ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። እኔም በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዕድሜ ልኬን ከመስኮቱ ውጭ ስቆም ኖሬ አሁን ወደ ውስጥ ገባሁና! ሳቅም አልጠፋም። አንድ ሽማግሌ አለ፤ በእጁ የሣለውን ፓስፖርት ይዞ ከተፍ ይላል፤ መጣሁ የሚለውም ኮብራስታን ከምትባል አገር ነው፤ ኮብራስታን የምትባል አገር ደግሞ በዚያ ዓለም እንኳ የለችም። ብትመልሰው አይከፋም፤ አመስግኖ ሄዶ ደግሞ ይመጣል። እኔና ልጁ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

በአምስተኛው ቀን ግን አንድ ሰውዬ ቀረበ። ወረቀቱ የተሟላ ነው። ማኅተሙን መትቼ ስመልስለት፥ «ከኋላዬ ሚስቴ አለች፤ እባክህን መልካም ሁንላት» አለኝ። ቀጥላ መጣች። ፓስፖርቷ ትክክል ነው፤ የመግቢያ ፈቃድ ግን የላትም። ብትመለስ እንደሚገድሏት ነገረችኝ። በዚያን ቀን ሁለቱን ማስጠንቀቂያ ቀድሜ ጨርሻለሁ፤ ቤት ውስጥም ያ ልጅ ታሟል። ቀዩን መታሁ።

«እንዴ አባባ!» አለ የልጅ ልጄ።

«ወረቀት የላትማ!» አልሁት።

ይህ ቃል ካፌ ሲወጣ አወቅሁት። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ተናግሬዋለሁና። በ1981 ዓ.ም. ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ረዳት ርእሰ መምህር ነበርሁ፤ ምዝገባ በእኔ እጅ ነበር። በመስከረም ወር የሰሜኑ ጦርነት ያፈናቀላት አንዲት ሴት 12 ዓመት የሚሆናትን ልጅ ይዛ መጣች። ልጅቱ ከቀድሞ ትምህርት ቤቷ የመልቀቂያ ደብዳቤ አልነበራትም። ትምህርት ቤቱ ራሱ ይኑር ይቃጠል ማን ያውቃል፥ ደብዳቤ ከየት ታምጣ? ደንቡ ግን መልቀቂያ የሌለው አይመዘገብም ይል ነበር። ልጅቱ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ደብተሯን ከጉያዋ አውጥታ ገልጣ በጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ጽሕፈቷ እስከ ዛሬ በዓይኔ ላይ አለ፤ የተለቀመ ጤፍ ይመስል ነበር። እኔም ደብተሩን ዘግቼ መለስሁላት፤ ለእናቲቱም «ወረቀት የላትም፥ ምን ላድርግ?» አልኋት። በዚያ ዓመት በስድስተኛ ክፍል ውስጥ ሦስት ባዶ ወንበር ነበረኝ። ብመዘግባት ኖሮ የሚደርስብኝ ምናልባት አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነበር። ያቺን ልጅ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም፤ ይህንም ነገር እስከዚያች ክረምት ምሽት ድረስ ለማንም አውርቼው አላውቅም ነበር። ለልጅ ልጄ ነገርሁት።

አሁን እንግዲህ ከሁለት ወገኖች ጋር እከራከራለሁ።

አንደኛዎቹ እኩዮቼ ናቸው። «ከጨዋታ ምን ይገኛል?» ትላላችሁ። እኔ በሕይወቴ ስለ ስደተኛና ስለ ግፍ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ብዙ ስብከትም ሰምቻለሁ። መጽሐፍ ሳነብ ሁልጊዜ ከተገፋው ወገን ነኝ፤ ለምስኪኗ ሴት አለቅሳለሁ፥ መርማሪውን እረግማለሁ፤ ርግማኔም ምንም አላስከፈለኝ። ይህ ጨዋታ ግን ልቅሶዬን አልጠየቀኝም። ከጠረጴዛው ኋላ አስቀምጦ ማኅተሙን ሰጠኝ፥ ደመወዜን ቈጠረልኝ፥ ከዚያም እጄን ተመለከተ። መጽሐፍን ለማሳነስ አይደለም፤ ዛሬም ከመጽሐፍ የሚበልጥብኝ የለም። ነገር ግን ከ35 ዓመት በላይ በመጽሐፍ ሁሉ መካከል ተደብቃ የኖረችው ያቺ ልጅ፥ አንድ የ15 ዓመት ልጅ በሰጠኝ ጨዋታ ውስጥ ደብተሯን ገልጣ መጣችብኝ። ይህን ነው ምስጥ ብዬ የተናገርሁት።

ሁለተኛዎቹ እናንተ ወጣቶቹ ናችሁ። እናንተም «ጨዋታ ነው እንጂ እውነት አይደለም» ስትሉ እሰማለሁ። ይህም ውሸት ነው። ሴትዮዋ እውነት አይደለችም፤ የመለሳት እጅ ግን እውነተኛ እጅ ነው። ገንዘቡ እውነት አይደለም፤ ለገንዘቡ የፈራው ልብ ግን ከሰው ልብ ተበድሮ አልመጣም። በዚያው ጨዋታ ውስጥ አንድ የጥበቃ ወታደር አለ፤ ብዙ ሰው ካሰርህ ከጥቅሜ አካፍልሃለሁ ይልሃል። እኔ፥ በ60ዎቹ ዕድሜ ያለሁ ሰው፥ ስም ሳመሳክር ያላየሁትን ስሕተት ከዚያች ቀን ጀምሮ ማየት ጀመርሁ! ዓይኔ የተከፈተው በምን እንደ ሆነ ንገሩኝ።

ጨዋታው 31 ቀን አለው፤ ፍጻሜውም አንድ አይደለም፥ 20 ነው። ከምሥጢር ማኅበርተኞች ጋር ተባብረህ መንግሥቱን መገልበጥ ትችላለህ፤ ቤተ ሰብህን ይዘህ መኰብለልም አለ፤ መታሰርም አለ። እኔ የደረስሁበት የታዛዡን ፍጻሜ ነው። ሥራዬ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፥ በቦታዬም እንድቀጥል ተፈቀደልኝ። ሽልማቱን ደግሞ ስሙ፤ እንዲህ እስከ መጨረሻው ታዝዞ ለፈጸመ ሰው፥ ማብቂያ የሌለው ተብሎ የተሰየመ ሌላ የጨዋታ ዐይነት ይከፈትለታል። ታሪክ የለው፥ ቤተ ሰብ የለው፥ 31ኛ ቀን የለው፤ መስኮትና ማኅተም ብቻ። ሠሪው ይህን ያደረገው ለማላገጥ ይሁን አይሁን እርሱ ያውቃል፤ እኔ ግን ባየሁት ጊዜ ስልኩን ዘግቼ ሰገነት ላይ ወጣሁ።

ከሰገነታችን በታች፥ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፥ የጌም ቤት አለ። ማብቂያ የሌለውን ነገር እዚያ ታያላችሁ። ሁለት ሁለት ልጅ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል፤ ኳስ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈ ይከፍላል፤ የተሸነፈው ደግሞ ቂሙን ለመወጣት እንደገና ይቀመጣል። ባለቤቱ ከሁለቱም ወገን ያተርፋል። ከዚህም የባሰው በኪስ ውስጥ የሚዞረው ነው። ፐብጂና ፍሪ ፋየር የሚባሉትን ልጁ አሳይቶኛል፤ በፐብጂ 100 ሰው ወደ አንድ ደሴት ይወርድና አንዱ ወይም አንዱ ቡድን እስኪቀር ይገዳደላል፤ ሲያበቃ ደግሞ ሌላ 100 ይወርዳል፤ ዘመን እየተባለ ሥርዐቱ ይታደሳል፥ ልብሱ ይለወጣል፥ የሚሸጠው ጌጥ ይበዛል። ለእነዚህ ጨዋታዎች ፍጻሜ ያልተሠራላቸው በመርሳት አይደለም። የጨረሰ ልጅ ከገበያው ይወጣል፤ ስለዚህ ማንም እንዳይጨርስ ተደረገ። ይህን የማጥመጃ ብልሃት ዓለምም አውቆታል፤ ቤልጅየም በ2018 እ.ኤ.አ. በገንዘብ እየተገዛ ዕጣ የሚወጣበትን የጨዋታ ሣጥን ቁማር ነው ብላ ፈረደች፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ ከጨዋታ መላቀቅ አለመቻልን አገባው። ቻይናም በ2021 እ.ኤ.አ. ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ዐርብ፥ ቅዳሜ፥ እሑድና በበዓል ቀን አንዳንድ ሰዓት ብቻ በመረብ እንዲጫወት ደነገገች። እኔ ይህን የመጨረሻውን አላመሰግነውም። ሰዓቱን ለካ እንጂ በሰዓቱ ውስጥ ያለውን አልጠየቀም፤ የእኔው የሣጥን ቍልፍ ነው፥ ብቻ ትልቅ ሆኖ ተሠራ።

አባቶቻችን ጨዋታ አያውቁም ነበርን? ያውቁ ነበር እንጂ። ገበጣ ጠጠሩ ሲያልቅ ያልቃል፤ ያሸነፈም የተሸነፈም ተነሥቶ ወደ ከብቱ ይሄዳል። የገና ጨዋታ ታኅሣሥ 29 ሲያልፍ ዱላው ወደ ቤት ይገባል። ድብብቆሽ ስንጫወት ከደጅ የእናት ድምፅ ሲጠራ ዓለሙ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ያበቃ ነበር፤ የተደበቀውም ከተደበቀበት ይወጣል። ፍጻሜ ያለው ጨዋታ ልጁን መልሶ ለእናቱ ይሰጣል። ማብቂያ የሌለው ግን አይመልስም።

ይህን ስጽፍ ለእኩዮቼ ዐይን የሚገባ ሌላ ጕድፍ ደግሞ አለኝ። ወደዚህ ሰፈር ስንመጣ ከኮንዶሚኒየሙ በስተጀርባ ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉበት ባዶ መሬት ነበር፤ ዛሬ ሕንፃ ቆሞበታል። ከላይ ሆነን «ምን አለ ውጭ ወጥተህ ብትጫወት!» የምንለው ልጅ ወዴት እንዲወጣ ነው? ወደ መኪናው መካከል ነውን? በስብሰባው ቀን ይህን አንሥቶ የተናገረ አልነበረም፤ እኔም አላነሣሁትም።

ወደ እናንተ ልመለስ። ከእናንተ ጋር ያለኝ ትልቁ ጠብ ስለ መጫወታችሁ አይደለም፤ ጨርሳችሁ ስለምታደርጉት ነው። የልጅ ልጄ ጓደኞች ወደ ቤት ሲመጡ እጠይቃቸዋለሁ። አንዱ 40 ሰዓት የፈጀበትን ታላቅ ታሪክ ጨርሶ መጥቶ፥ «እንዴት ነበር?» ስለው፥ «ጨረስኩት» ይለኛል። «እሱስ፤ ምን አደረገህ?» «ጨረስኩት፤ አሪፍ ነው።» ከዚያ ወዲያው የሌላውን ስም ይጠራል። 40 ሰዓት! ከልቅሶ ቤት ወጥቶ «ቀበርነው፤ አሪፍ ነው» እንደሚል ሰው ነው። ሰው ልቡን ለ40 ሰዓት ለሌላ ሰው አሳብ አከራይቶ ሲመለስ፥ ተከራዩ ምን እንደ ሰበረ ምንስ እንደ ጨመረ ቤቱን ዞሮ አያይምን? ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ለእያንዳንዷ ደረጃ ዓመታት ደክመዋል፤ አንተ ስለ ድካማቸው አንድ ገጽ አትጽፍላቸውም። ሳትጽፍም ከርመህ «ለምን የእኛን ታሪክ የሚናገር ጌም የለም?» ትላለህ።

የእኛን ጨዋታ የሚሠሩ የሉም ማለት አይደለም። በዚሁ በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የሚባል ድርጅት ገበጣን በስልክ አውጥቷል፤ ዶሮ የምትሮጥበትን ኩኩሉንም ሠርቷል። እነርሱ ጀምረዋል። እኔ የምጠይቀው ከዚህ የራቀውን ነው። አንድ አሜሪካዊ በሌለች አገር ላይ የድንበር መስኮት ሠርቶ እኔን ከጀሞ አንሥቶ በ1981 ዓ.ም. ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠኝ። የእኛን መስኮት፥ የእኛን ማኅተም፥ የእኛን «ነገ ይምጡ» አውቆ እንዲህ የሚሠራ ከእናንተ ማን ነው? «ጨረስኩት» ከማለት ያላለፈ አፍ ይህን ሊሠራ አይችልም። ያልመረመራችሁትን አትሠሩትም። ፊደል የቈጠራችሁት፥ ኮምፒዩተር የተማራችሁት ለዚህ ካልሆነ ለምን ነው?

አሁን በቤታችን አንድ ሕግ አለ። የልጅ ልጄ የፈለገውን ይጫወት፤ ፍጻሜ ያለው ግን ይሁን፤ ሲጨርስም አንድ ገጽ ይጻፍ። እናቱ በሕጉ አልተስማማችም፤ ስልኩ በሣጥን ቢቈለፍ ይሻላት ነበር፤ ይህንም ያስተማርኋት እኔው ስለ ሆንሁ ልወቅሳት አልችልም።

የመጀመሪያውን ገጽ ስለ ድንበሩ መስኮት ጻፈ። አንድ ገጽ አልሞላም። በመጀመሪያ እኔ ሴትዮዋን በመመለሴ እንደ ተናደደብኝ ጽፏል። ቀጥሎም፥ «እኔ ብሆን አስገባት ነበር እላለሁ፤ ግን ይህን የምለው አባባ ቀድመው ስለ መለሷት ይመስለኛል። ማኅተሙ በእኔ እጅ ቢሆን የታመመውን ልጅ አስብ ነበር» ይላል። የፊደል ግድፈት አለበት፤ «ማኅተም» የሚለውን ሦስት ቦታ በሦስት ዐይነት ጽፎታል። ከ10 ዘጠኝ ሰጠሁት።

ከዚያም ከመጀመሪያው ቀን እንደገና ጀመርን። አሁን ማኅተሙን የያዘው እርሱ ነው፤ እኔ አነብለታለሁ። ትናንት ማታ የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ አራተኛውን ቀን ጨርሰን ነበር።